ረኮ የምትባለው መኪና

ይህ ነገር የሆነው አምና ግንቦት ላይ፣ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሌላ ሰው አዋርዶኝ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እረሳው ነበር። ራሴን በራሴ ስላዋረድኩ ግን አልረሳ አለኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የተማርኩት ሰበታ ካለ አንድ ኮሌጅ፣ የወተት ሀብት ልማት ነው። ሐሳቤ ቡራዩ ላይ የራሴን የእርጎና የአይብ ማምረቻ መክፈት ነበር፤ አሁንም ነው። ለዚያ መጀመሪያ መመረቅ አለብኝ፤ ለመመረቅ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፌ ማለፍ ነበረበት። ያላለፈ አንድ ዓመት ይጠብቃል። እናቴ የምርቃቴን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች።

ጥናቴ የሱሉልታ ዙሪያ ገበሬዎች ወተታቸውን እንዴት ገበያ እንደሚያደርሱ የሚመለከት ነበር። አማካሪዬ መምህርት ሰናይት "ኦሮምኛ ትችላለህ?" ብለው ጠየቁኝ። የማይችል ተማሪ አስተርጓሚ እስኪገኝለት ተራ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም፤ ሲወልዱኝ እንኳ በሰባት ወሬ ነው የወጣሁት።

"እንደ ውኃ ነው የጠጣሁት" አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ሰበታ ኖሬ የማውቀው ሰላምታ፣ አመሰግናለሁ ለማለት "ገለቶማ" እና እስከ ሃያ መቁጠር ብቻ ነበር። ሰዉ ሁሉ አማርኛ ሲያወራኝ ተመችቶኝ ተቀምጫለሁ።

የዶርም ጓደኛዬ ለሚ የቡራዩ ልጅ ነው። ጥያቄዎቹን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በአማርኛ ፊደል ጻፈልኝና "መልሱንስ እንዴት ልትሰማው ነው?" አለኝ።

"አብዛኛው ቁጥር ነው፤ የቀረው አዎና አይደለም።"

"ሰባተኛውስ?"

ሰባተኛው "ወተት ገበያ የማድረሱ ነገር እንዴት ነው?" የሚል ነበር። "ለሱ እግዜር አለ" ብዬው ወጣሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ሱሉልታ ለልምምድ የሚመጡ ሯጮች ባጠገቤ ሽው እያሉ፣ ከቤት ቤት ዞርኩ። ጥያቄዬን እንደ ዳዊት እደግማለሁ፤ ሰዎቹም በትሕትና ይመልሳሉ። ሰባተኛውን መጀመሪያ የመለሱልኝ ኦቦ ጉርሜሳ የሚባሉ አዛውንት ናቸው።

"ጋሪ ዳ" አሉ።

ጋሪ! እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጋሪ ላይ ተንጠልጥዬ አይደል ያደግኩት? ከመጠይቄ የመልስ ሳጥኖች "በጋሪ" በሚለው ውስጥ ራይት አደረግኩ። ቀጥሎ ያለውም ቤት ጋሪ። ከዚያ የሚቀጥለውም ጋሪ። በአንዱም ግቢ ውስጥ ጋሪ ቀርቶ የጋሪ ጎማ አለማየቴ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። ገበያ ሄደው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የተለየ መልስ የሰጡኝ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። "ረኮ ዳ! ረኮ!" አሉኝ እጃቸውን እያወናጨፉ። ረኮ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። የእጃቸው አኳኋን ግን መሪ የሚያዞሩ አስመሰላቸው። ስለዚህ "ሌላ" በሚለው ቦታ ላይ "ረኮ፣ አነስተኛ የጭነት መኪና" ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፌ አማረ። የአካባቢው ገበሬ ጋሪ በጋሪ ስለሆነ የመጓጓዣ ችግር የለበትም ብዬ ደመደምኩ። ለጋሪዎቹ ማቆሚያ እንዲሠራ፣ ረኮ የተባለችውም መኪና ለሌላው ገበሬ እንድትዳረስ ሐሳብ አቀረብኩ። መምህርት ሰናይት ቀድመው እንዳያርሙኝ ደግሞ በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት አስገባሁት።

ጽሑፌን በምከላከልበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ እዚያው ሱሉልታ ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሰው ሆነው ተገኙ። እስክጨርስ ሰሙኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለመሆኑ ይቺ ረኮ ስንት ኩንታል ትጭናለች?"

"ትንሽ ናት፤ ቢበዛ አምስት" አልኩ ሳላመነታ።

መምህርት ሰናይት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ፈታኙ ግን አልለቀቁኝም። "እስቲ ይህችን ተርጉምልኝ" አሉ፤ "ሙጫን ኩን ጋሪ ዳ።"

"ኩን" ማለት "ይሄ" እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረው ደግሞ ምን ይከብዳል?

"ይሄ ሙጫ የጋሪ ነው" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለሚማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"ይሄ ልጅ ጥሩ ነው ማለት ነው" አሉ ፈታኙ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሙጫ ልጅ፣ ጋሪ ጥሩ። ረኮ ደግሞ ችግር ማለት ነው፤ አሁን አንተ ያለህበት።"

እናቴ ዐይኔ ላይ ድቅን አለች። አሥር ቀን ሰጡኝ። ሁሉንም ቤት እንደገና ልዞር፣ ኦሮምኛ እችላለሁ ብዬ መዋሸቴን ለየሰዉ ልናገር፣ በሚገባኝ ቋንቋ ልጠይቅ። አለዚያ ምርቃት የለም።

ኦቦ ጉርሜሳ ነገሩን ስነግራቸው ጥርት ባለ አማርኛ "አይ ልጄ!" አሉ።

"አማርኛ እየቻሉ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንተ በኛ ቋንቋ ልጠይቅ ብለህ ያን ያህል ስትለፋ፣ ተው እንዴት ይባላል? ነውር ነው። የሳቅነው ከሄድክ በኋላ ነው።"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "እሺ፣ መጓጓዣው ጥሩ ነው ብዬ ልጻፍ?"

"ኧረ ምኑ ነው ጥሩው! ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው። መኪና ስንጠብቅ ወተቱ ይበላሻል።"

"ያን ቀን ጋሪ ብለውኝ አልነበር?"

"እንግዳ ደጅህ ቆሞ እንዴት ነው ሲልህ ጥሩ ነው ነዋ የሚባለው። እኛ ሰላምታ መስሎን ነው።"

በየቤቱ የሰማሁት ይህንኑ ነበር። ቋንቋውን በእውነት ብችል ኖሮም ጥሩ ነው ብዬ ጽፌ እመለስ ነበር ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ አዴ ጫልቱ ጋ ደረስኩ። ስለ መኪናዋ ስነግራቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና የወተት ጄሪካኑን አሳዩኝ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ይርቃል፤ የሚሸከምላቸው ሰው የለም። የጠዋቱን ወተት ለውሻው ደፍተውት ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ነግሬህ ነበር" አሉኝ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ "የጭነት መኪና" ያልኩትን ሰረዝኩ።

ጽሑፉን በዘጠነኛው ቀን አስገባሁ፤ አለፈ፣ ተመረቅኩም። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ታሪክ አታውቅም። ጓደኞቼ "ረኮ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ይበለኝ። አሁን ቡራዩ አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ኦሮምኛም ከለሚ እህት ጋ እየከፈልኩ እማራለሁ። ጋሪውን፣ ሙጫውን ሳስታውስ ብቻዬን ታክሲ ውስጥ እስቃለሁ።

የአዴ ጫልቱ ግን አያስቀኝም። ከመንደሩ ሁሉ እውነቱን የነገሩኝ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ መኪና አደረግኳቸው።