«ሆዳቸውን ነው» ያልኩበት ቀን

አንዲት ቃል አንዲት በቅሎ፣ ሦስት ወርና አባቴን አስከፍላኛለች። ከእብናት እህል እየጫንኩ ደብረ ታቦር ስሸጥ ብዙ ክፉ ገበያ አይቻለሁ፤ የዚያን ያህል የከሰርኩበት ግን የለም።

ሰሞኑን ያስታወሰችኝ ሐኪም ናት። ዕድሜ ደርሶ እኔም ሽንት ቤት ስመላለስ ብታየኝ፣ ልጄ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። የፕሮስቴት እጢዬን መርምራ ናሙና ወሰደች። በዚህ በሽታ አንዱ ድኖ ሌላው ለምን እንደማይድን ጠየቅኳት።

«ሕዋሳችን ውስጥ ጭንቅ ሲመጣ የሚነቃ ዘረመል አለ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ትኩሳት ሲበረታ፣ ምግብ ሲያጥር፣ ሕዋሱ እንዳይሞት ይከላከልለታል። ክፋቱ፣ ለታመመውም ሕዋስ ይከላከልለታል። አንዳንዱ እጢ መድኃኒቱን ችሎ የሚቀመጠው በዚህ ነው።»

«ዘበኛው ሌባውንም ይጠብቃል በይኛ።»

ሳቀች። ስለ ራሴ የጠየቅኩ መስሏት ነው፤ እኔ ግን አባቴን እያሰብኩ ነበር። አባቴ ቻይ ነበሩ። በጉና ብርድ ገብስ ሲዘሩና ሲያጭዱ ኖረው አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» አላሉም። በአገራችን ቻይ መባል ከሹመት አይተናነስም። መቻል ማንን እንደሚጠቅም የጠየቀ ግን አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሐምሌ ወር አባቴን በበቅሎዬ አስቀምጬ ከገሳይ በላይ ካለው ቤታቸው ወደ ደብረ ታቦር አመጣቸዋለሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ጉሙ እስከ አፍንጫ። ባሕር ዛፍ ባየን ቁጥር «አውርደኝ» ይሉኛል። ወርደው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ይቆማሉ። እኔና በቅሎዋ ወዲያ ዞረን እንጠብቃለን። የኪሴን ቆሎ ቆርጥሜ ጨረስኩ። በአራተኛው ላይ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ደኅና ነዎት?»

«ውሃ ሽንቴ እምቢ አለኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ለእናትህ እንዳትነግር።»

እኔም አልጠየቅኩም። አባቱን እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የሚጠይቅ ልጅ እኛ ዘንድ ገና አልተወለደም።

የሄድንበት ክሊኒክ በሩ አይዘጋም። ባለተራው ደፉ ላይ ቆሞ የፊተኛውን ሰው በሽታ ያዳምጣል፤ ሬዲዮ ለሌለው ደግ ነገር ነው። የዚያን ቀን ከኋላችን ባለተራዋ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ልጃቸውን ላስጠይቅ ሽማግሌ እየመረጥኩ ነበር።

የሚመረምረው ድሬሰር ቀና ብሎ «ምንዎን ነው፣ አባት?» አለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በራሳቸው አፍ እንደማይሉት አውቃለሁ፤ አፍ ልሆናቸው ነበር አብሬ የገባሁት። እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ሆዳቸውን ነው» አልኩ።

«ሆድዎን ነው?» አላቸው ድሬሰሩ።

አባቴ እኔን አዩ፤ እትዬ ጥሩወርቅን አዩ፤ ገባቸው።

«እሱ እንዳለው ነው» አሉ።



የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሰዓቱን ጠብቀው ዋጡት። በፍልሰታ ጊዜ ደግሞ፣ ካልገባ አይወጣም ብለው፣ ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ሰው በላክሁ ቁጥር «ተሽሎኛል» ብለው ይመልሱልኛል። እኔም አመንኩ። ሻጭ «እህሌ ንጹሕ ነው» ሲለኝ እጄን እስከ ጆንያው ታች የምሰድ ሰው፣ ያን ጊዜ ከላይ ከላዩን አይቼ ተውኩት።

ጥቅምት ላይ ወንድሜ እየሮጠ መጣ። አባቴ ሽንት ከከለከላቸው ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። በቃሬዛ ገሳይ አውርደን በመኪና ወደ ባሕር ዳር ይዘናቸው ሄድን። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ሹፌሩን «እባክህ ቀስ በል» ስለው «ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ መሄዴ ነው» አለኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ከያዝኩት በኋላ ምን እንደማደርግበት ግን አላወቅኩም።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ቱቦ አስገባላቸውና እፎይ አሉ። ከምርመራው በኋላ እኔን ወደ ውጭ አወጣኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ አጥንት ገብቷል። «እስከ ዛሬ ምን ትሠሩ ነበር?» አለኝ። የትል መድኃኒት ስንውጥ ነበር ይባላል? በቅሎዋን ሸጬ ለሕክምናው ከፈልኩ፤ አባቴን ከነቱቧቸው ይዤ ተመለስኩ።

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም ነበር። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ያስቀድሳሉ። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው ወጥተው፣

«ይግቡ እንጂ! በሽታ ኃጢአት አይደለም» አሏቸው።

«ሽንቴን በላስቲክ አንጠልጥዬ? ከዚህም ይሰማል፣ አባ።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወደ ውስጥ ልደግፋቸው አልችል፣ ወደ ቤት ልመልሳቸው አልችል። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ አረፉ። ቅጥሩን አልፈው የገቡት በቀብራቸው ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳትና «ያን ጊዜ ሦስት ወር ብንቀድም ይድኑ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ላይድኑ ይችሉ ነበር። ስቃያቸው ግን ይቀንስ ነበር።»

ስወጣ መተላለፊያው ላይ ግማሹ ገበያ ተሰልፏል። ጤፍ የምትገዛኝ ደንበኛዬ ከወዲያ ማዶ «ውይ ጋሼ! ምንዎን አመመዎት?» አለች።

«ውሃ ሽንቴን» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «የፕሮስቴት እጢ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥተው መጡና በጆሮዬ «የትኛው ክፍል ነው?» አሉኝ። በሩን አሳየኋቸው።

በቅሎዋን በሁለተኛው ዓመት ተካሁ። የእትዬ ጥሩወርቅን ልጅ የሐሙሲት ሹፌር አገባት። ሦስቱ ወር አልተመለሰም። አባቴ የሉም። የእኔ ውጤት ገና አልመጣም።