ለእማዬ የሠራነው ዝናብ

ፕላስቲክ ሲቃጠል በሸተተኝ ቁጥር ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ጎረቤቴ የተሰነጠቀ ባልዲ በጋለ ቢላዋ ሲጠግን፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ መሐል ሜዳ ከተማ ከተከራየኋት ክፍል አነሣኝና የልጅነት ጓሯችን ውስጥ ጣለኝ።

እናቴ ጎመንና ጤና አዳም ትተክል ነበር። ውሃ በጣሳ ስትደፋበት ያልጠናው ችግኝ ጭቃው ላይ ይተኛል፤ እሷም ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ታቀናዋለች። ወገቧን ይዛ ስታቃስት ታላቅ ወንድሜ አላስችል አለው።

«ለእማዬ ዝናብ እንሥራላት» አለኝ።

አንድ የዘይት ጀሪካን አገኘን፤ ክዳኑ ከተበሳ ውሃው እንደ ዝናብ ይረጫል። እሱ ምስማር ፍም ውስጥ ከቶ እስኪቀላ ይጠብቅና በጉጠት ይዞ ክዳኑን ይበሳዋል። እኔ ፍሙን እፍ እላለሁ፤ እቆጥራለሁም። ስድስት ላይ ስንደርስ ከመንገዱ ጥሩምባ ተሰማ። ወንድሜንና ሌሎቹን ዘማቾች ወደ ጦር ግንባር የሚወስደው መኪና ነው፤ ከሰዓት ይመጣል የተባለው በጠዋት ደረሰ። የክዳኑ ግማሽ ገና አልተነካም።

«የቀረውን ስመለስ እበሳዋለሁ። እንዳትነኪው፣ እጅሽን ያቃጥልሻል» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ሮጠ። እጁ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸት ነበር።

እናቴ እንዴት ኮራችበት መሰላችሁ! ላገኘችው ሁሉ «የልጄ ዝናብ» እያለች ታሳያለች። ውሃው ግን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚወርድ ወገቧን አጣማ ነው የምታጠጣው። «የቀረውን እኔ ልብሳው?» ስላት፣ «ተዪው፣ ባለቤቱ ይጨርሰዋል» ትለኛለች።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከወንድሜ ደብዳቤም ስልክም የለም።

አንድ እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ምስማሩን አጋልኩ። ስድስት ቀዳዳ ጨመርኩ። ላስደስታት ነበር፣ ሌላ ምን ላስብ? ጀሪካኑን ሞልቼ ጎመኑ አጠገብ አስቀመጥኩና ደስታዋን ለማየት ከቤቱ ጀርባ ተደበቅሁ።

እናቴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጀሪካኑን አነሣችው። ውሃው ከክዳኑ በሙሉ ተረጨ። ክው ብላ ቀረች።

«መጣ! ልጄ መጣ! የት አለህ?»

ጀሪካኑን ጥላ ቤት ገባች፤ ከአልጋው ሥር፣ ከጎተራው ጀርባ፣ በረት ድረስ ስሙን እየጠራች ፈለገችው። እየሳቀች ነበር እኮ የምትፈልገው። እኔ ከተደበቅሁበት አልወጣሁም። ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወጣሁ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የበሳሁት።»

አልመታችኝም፤ ምነው በመታችኝ። መዳፌን ገልብጣ፣ «እጅሽን አላቃጠለሽም?» አለችኝ። ከዚያ የጧፍ ቁራጭ አምጥታ ሰሙን በጣቷ እያለሰለሰች የእኔን ስድስት ቀዳዳዎች ደፈነች። እስክትሞት ድረስ በግማሹ አጠጣች።

ጀሪካኑ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ደጃፌ ላይ ያለችውን ጤና አዳም አጠጣበታለሁ። ፀሐይ ሲበረታ ሰሙ ይለሰልስና በእኔ ቀዳዳዎች ውሃ ይንጠባጠባል። ያኔ በአውራ ጣቴ መልሼ እጫነዋለሁ። የቀረውን እሱ ይጨርሰው።