መዶሻ የሌለው መካኒክ

ጅጅጋ፣ ወደ ቶጎጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ጋራዥ የሚሠራው ሰውዬ መዶሻ የለውም። ባልደረቦቹ «ፈሪው» ይሉታል። በጠራራ ፀሐይ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቲማቲም ከጫነ አይሱዙ ሥር ተጋድሟል። ካምቢዮውን፣ ያንን ከባድ የማርሽ ሳጥን፣ ለማውረድ የቀረው አንድ የዛገ ብሎን ነው። በዶሮ ላባ ነጭ ጋዝ ይቀባዋል፤ ቁልፉን አስገብቶ ቀስ ብሎ ይሞክረዋል፤ እንቢ ሲለው ተመልሶ ይቀባዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። በመኪናዋ ተሳፍሬ የመጣሁት እኔም በልቤ ሰነፍ ብዬዋለሁ።

የመኪናዋ ባለቤት ናስትሆ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ በመዶሻ በለውና ይውጣ! ቲማቲሜ በፀሐይ አለቀ እኮ!»

«ሰብር፣ እህቴ» አላት። በአገሬው አፍ ታገሺ ማለቱ ነው።

«ሶማልኛ ትችላለህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «ይቺን ቃል ብቻ። ከደሴ እንደመጣሁ ሰሞን፣ አንድ ሾፌር ካምቢዮውን ከሥር በእጁ ደግፎልኝ ነበር። ብሎኑን በመዶሻ ስቀጠቅጥ ‹ሰብር! ሰብር!› እያለ ጮኸብኝ። እኔ ‹ስበር› ያለኝ መስሎኝ ብሎኑን ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።»

ላባውን ጋዙ ውስጥ ነከረ።

«ብሎኑ ተሰበረ?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተሰበረ። ካምቢዮውም እጁ ላይ ወረደ። ሰውዬው ዛሬም በዚህ ሲያልፍ ይጨብጠኛል። በግራው።»