እጄ በራሱ የታጠፈ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ዓይኗን እያሸች «ሰሞኑን ይርገበገብብኛል፤ እንግዳ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለችኝ። የሚርገበገብ ዓይን ሁሉ በሽታ አይደለም። እኔ ግን የራሴን አስታወስኩ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሸዋ ሮቢት የተመደብኩ አዲስ መምህርት ነኝ፤ ደገኛ ስለሆንኩ ሙቀቱ ከብዶኛል። ገበሬው ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ በሚለቅምበት ሰሞን ሆዴን ያስቀምጠኝ ጀመር፤ እየተወኝ እየተመለሰ ሦስት ወር ቆየ። ማፈሩ በልጦብኝ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ዓይኔ ይርገበገብ፣ ጣቶቼ ይነዝሩኝ፣ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኝ ጀመር። ምግብ አስጠላኝ። ጠመኔ መያዝ ሲያቅተኝ ሥራ ለመልቀቅ ማመልከቻ ጻፍኩ። አከራዬ እትዬ አስካለ ግን ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት ጎትተው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

እዚያ የተቀበሉኝ ሲስተር ሐዋ የሚባሉ፣ የአሊዩ አምባ ተወላጅ ነርስ ነበሩ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አስረው ነፍተው ትንሽ ሲያቆዩት የእጄ አንጓ በራሱ ታጠፈ፤ ጣቶቼም ተጣበቁ። እኔ ደነገጥኩ። እርሳቸው አየሩን አስተንፍሰው፣ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ሆዴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

የጤና ጣቢያው ሐኪም የእጄን መታጠፍ ሲሰማ ካልሺየም አንሷት ይሆናል ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ለውጥ ሲጠፋ ጭንቀት ነው ወደሚለው አዘነበለ። ሲስተር ሐዋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ካልሺየሙን ሰጥተናታል፤ እጇ ዛሬም ይታጠፋል። ተቅማጡ ማግኒዚየሟን ጠርጎት ቢሆንስ? እሱ ሳይተካ ካልሺየሙም አይቆምላትም።»

ሐኪሙ ሐሳባቸውን ተቀብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጻፈልኝ። ሲስተር ሐዋ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው አብረውኝ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ የጣርማ በር ተራራ ጉም ሲያንቀጠቅጠኝ ሻሻቸውን ፈትተው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ።

ሆስፒታል ደሜ ሲመረመር ማግኒዚየሜ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱም ከወላዶች ክፍል መጣልኝ፤ ለካ የደም ግፊታቸው ለሚጨምር ነፍሰ ጡሮች የሚሰጡት እሱኑ ነው። በጉሉኮስ ተንጠባጠበልኝ፣ ለሆዴም የሚሆነው ተሰጠኝ፤ በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ይዤ ሾርባ ጠጣሁ። እንዴት እንደማመሰግናቸው ጠፍቶኝ ሳለቅስ፣ «አልሐምዱሊላህ በይ። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉኝ።

ሲስተር ሐዋ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ አዋቂ ሰው አይቻለሁ፤ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ከበላዩ ፊት ሳይፈራና ሳያዋርድ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እንደ እርሳቸው ሆኛለሁ አልልም። ነገር ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ፣ ሰነፍ ነው ተብሎ የሚመጣልኝን ልጅ ከመቆጣቴ በፊት ጤናውን እጠይቀው ነበር።