ከአባ ፊት ያነሣሁት ዋንጫ

የዚህ ነገር ተካፋዮች እነዚህ ነን። በመጀመሪያ እኔ፤ ደብረ ታቦር ተቀምጬ የኮምፒውተርን ሥራ ከመጽሐፍና ከስህተት የተማርሁ፣ ቤተሰቤን በምክር የማሰለች አባት። ቀጥላ ባለቤቴ፣ የማኅበራችንን ድግስ የደገሰችው። ከዚያ ልጄ፣ ምክሬን ሸምድዳ መልሳ የምትወረውርብኝ። የንስሐ አባታችን አባ። በመጨረሻም ጎረቤታችን አናጢው፣ ከእኔ ቀጥሎ ማኅበሩን የሚደግሰው ተረኛ።

ሥራዬ ኮምፓይለር ማፍጠን ነው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚያውቀው ትእዛዝ ይለውጣል፤ እኔ የምሠራው በመጨረሻው ክፍሉ ላይ ነው። ማሽኑ ቁጥር የሚይዝባቸው ፈጣን ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ቦታ ሲጠፋ ቁጥሩ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ እሱን ለማምጣት መመላለሱ ፕሮግራሙን ያንቀረፍፈዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ የማይፈለገውን ቁጥር ቶሎ እያነሣ ቦታውን ለሌላ የሚሰጥ ዘዴ ጻፍሁ። ፍጥነቱ ጨመረ። ከመፈተኛ ፕሮግራሞቹ አንዱ ብቻ የተሳሳተ መልስ ሰጠ። የተበላሸው ፈተናው ነው አልሁ። ሥራው እስከ ዓርብ በአሠሪዎቼ ዘንድ ተቀባይነት ካላገኘ ግን ውሌ አይታደስም ነበር።

በዚህ መሐል የመድኃኔዓለም ማኅበር እኛ ቤት ደረሰ። እንግዳው ከዋንጫው በለጠ።

"ከጎረቤት ልዋስ" አለች ባለቤቴ።

"አያስፈልግም። የጎደለው ዋንጫ ሳይሆን አያያዝ ነው። አሳላፊው እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ቤቱም ኮምፒውተር ሆነ!" አለች ልጄ።

"ዝም ብለሽ ሥርዓት ተማሪ።"

ደግሞም አያያዜ ሠራ። ጠጥቶ ያስቀመጠውን ሰው ዋንጫ አነሣለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ ለሌላው እሞላለሁ። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ሳንውጥ ሊነጥቀን ነው!" ብለው ቤቱን አሳቁት። እኔ ኮራሁ። አባ ስለ ጾም እያስተማሩ ዋንጫቸውን ካስቀመጡ ቆይተዋል፤ ከሥሩ አንድ ጉንጭ ጠላ ቀርታለች። አነሣሁት፣ ደፋሁት፣ አጥቤ ዘግይቶ ለገባ እንግዳ ሰጠሁት።

በማኅበራችን ደንብ ግን ያቺን ጉንጭ አባ ሆን ብለው ነው የሚያስቀሯት። በመክፈቻው ጸሎት የተባረከችው እሷ ናት፤ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ሲቆም ለሚቀጥለው ተረኛ ያጠጧታል፤ ተራው የሚተላለፈውም በእሷ ነው። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ።

ሰው ሁሉ ቆመ። አናጢው ነጠላውን አስተካክሎ ቀረበ። አባ እጃቸውን ሰደዱ፤ ዋንጫ የለም።

"ዋንጫዬን ማን ወሰደው?"

"እኔ ነኝ አባ። የጨረሱ መስሎኝ…"

"እኔስ ጨርሻለሁ። እሱ መቼ ጠጣ?" አሉ ወደ አናጢው እያመለከቱ።

"ሌላ ልቅዳልዎ?"

"ያልተባረከውን ምን ብዬ ላጠጣው፣ ልጄ? ተራው ከቤትህ አልወጣም። የሚመጣውም ወር ያንተው ነው።"

አናጢው ሳቁን መያዝ አቃተው። "እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ! እንዳንተ ያለ አሳላፊ አላየሁም።"

ባለቤቴ አልሳቀችም። "በል እንግዲህ፣ ጌሾውን አንተ ትወቅጣለህ" አለችኝ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላም "እሱ መቼ ጠጣ?" የሚለው የአባ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። የእኔ ዘዴ የሚያየው ቁጥሩ ያለበትን የፕሮግራም ክፍል ብቻ ነበር። ያ ክፍል ሲጨርስ፣ ቁጥሩም አብሮ ያለቀለት ይመስለዋል። የሚቀጥለው ክፍል ግን እጁን ዘርግቶ ቁጥሩን ይጠብቃል። ፈተናው ልክ ነበር።

"አባዬ" አለች ልጄ ከኋላዬ ቆማ፣ "ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ ራስሽን መርምሪ የሚለኝ ማን ነበር?"

"አባትሽ። ምክሩ ዛሬም ልክ ነው።"

የሚጠበቅን ቁጥር እንዳይነካ አድርጌ ዘዴውን አረምሁት። ከተገኘው ፍጥነት ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ሄደ፤ መልሱ ግን በሁሉም ፈተና ትክክል ሆነ። ዓርብ ተቀበሉት፤ ውሌም ታደሰ።

ወጪው ሲደመር እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሌላ ጋን ጠላ ጠመቀች። የእኔ መዳፍ በጌሾ ዘነዘና ተላጠ። ልጄ ከየጎረቤቱ ዋንጫ ስታመላልስ ዋለች፤ ይህን ጊዜ አልከለከልሁም። አናጢው ለራሱ ድግስ ብሎ ከገሳይ ገበያ ያመጣው ድንች ተራው ስለዘገየ ቤቱ ውስጥ በቀለበትና ሳቁ ቀነሰ። አባ በሁለተኛው ድግስ ሙሉውን ትምህርት በአንድ እጃቸው ዋንጫቸውን ከድነው ሰጡ። ኮምፓይለሩም ካገኘው ፍጥነት ግማሽ ያህሉን ከፈለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ጉንጭ ጠላ።