የኦቦ ሌሊሳ ፒክአፕ ሰይጣን

የነቀምቴዋ መካኒክ ወርቂቱ ለማንም አታጎበድድም። አንድ ቀን የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ኦቦ ሌሊሳ አሮጌ ፒክአፓቸውን እየነዱ ከአንገር ጉቲን እየተንቀጠቀጡ ጋራዧ ደረሱ።

«ስፈጥን መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል፤ ስዞር ደግሞ ከፊት ቋ ቋ ይላል። ሰይጣን ነው መሰለኝ፤ ጸልዬበታለሁ» አሏት።

«እስኪ ሰይጣኑን ልየው» ብላ መኪናውን በክሪክ አነሳችው። ጎማውን ይዛ ግራና ቀኝ ስትነቀንቀው መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲና እንደ አሮጌ ጥርስ ተወዛወዘ። ቸርኬው ውስጥም ጭቃ ደርቆ በአንድ ወገን ተለጥፎ ጎማውን ሚዛን አሳጥቶታል። ቴስቲናውን ቀየረች፣ ጭቃውን በካቻቢቴ ፈቅፍቃ አወረደች፤ መኪናው ጸጥ አለ።

እሁድ ኦቦ ሌሊሳ ጌታ መኪናቸውን እንደፈወሰላቸው መሰከሩ። ምእመኑ እልል ሲል ወርቂቱ ከመሃል ተነሳች።

«አሜን፤ ጭቃውን የፈቀፈቅኩት ግን እኔ ነኝ» ብላ ተቀመጠች።

ፓስተሩ ፊታቸውን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሸፍነው ሳቁ።