አያት ያደረግነው የድንጋይ ክምር

አግብቼ ባሌ ቤት ስገባ፣ ከአሰላ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገብስ ማሳችን መሀል አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ነበር። የጥንት ሰዎች መቃብር ነው ይባላል፤ የየትኞቹ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አላፊ አግዳሚው እርጥብ ሣር ጣል አድርጎበት ያልፋል፣ እኛ ዙሪያውን እናርሳለን፤ በቃ። ዓመቱን ሙሉ የሚያበላን ያ ማሳ ነበር።

አንድ ቀን ካኪ የለበሰ ሰውዬ ገመድ ይዞ መጣና ክምሩን ይዞረው ጀመር። ይለካል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይለካል። "የድሮ መቃብር አጠናለሁ" አለን። ኧረ ወዲያ! የማያውቀውን ሙት ለመለካት ከአዲስ አበባ ድረስ ማን ይመጣል? በጃንሆይ ጊዜ ገመድ ይዞ የመጣ ሰው መሬት ወስዶ ነው የሚመለሰው። ያኔም አላመንኩት፣ ዛሬም አላምነውም።

አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጥላቸውንም የሚጠረጥሩ ሴት ነበሩ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉኝና ሄደው ፊቱ ተገተሩ። "ይሄ የባሌ አያት መቃብር ነው። ትልቅ ሼህ ነበሩ። እንዳትነካው!"

ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀና ሄደ። እሳቸው ግን ይመለሳል ብለው ስለፈሩ ምስክር ማብዛት ፈለጉ። በግ አሳርደው ክምሩ ሥር ሰደቃ አወጡ፤ አገሩን ሁሉ ጠሩ። አገሩም በላ፣ ዱዓ አደረገ፣ አመነ።

ሰውዬው አልተመለሰም። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ጎረቤታችን የአባቱን ሬሳ በቃሬዛ አሸክሞ ደረሰ። "ከሼሁ ጎን ይረፉልኝ" አለ። እምቢ ይባላል? እምቢ ካልን ሼህ የለም ማለታችን ነው። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ቦታ አሳየው። ከዚያ ወዲያ ከማዶውም፣ ከቆላውም ሬሳ ይመጣ ጀመር። መቃብር ደግሞ አይታረስም፤ ገብሱ ወደ ዳር፣ ከዳርም ወደ ድንበር ሸሸ። ለሰው የገብስ ዘር እናበድር የነበርን ሰዎች ከገበያ ገብስ ሸማች ሆንን።

የመጨረሻዋ ቁራሽ መሬት ስትቆፈር እኔና አማቴ በራፋችን ላይ ቆመን እናያለን። አሁንስ ይጸጸታሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"አየሽ፣ ይሄን ሁሉ ሬሳ የሚልክብን ያ ባለገመድ ነው" አሉኝ።